ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በ2006 ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሁለቱን እያቀላቀልኩ መሳቂያ ሆኛለሁ።) ያን ጊዜ ጃዝ ለእኔ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የሚለቀቅ፣ ሰው እያወራ የሚያልፈው፣ ማንም ልብ ብሎ የማይሰማው ሙዚቃ ነበር። ዛሬ በሳምንት አንድ ሰዓት በአማርኛ የጃዝ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ኖታ አላነብም። ይህን የምጽፈው "ጃዝ አይገባኝም" ለሚሉ ወዳጆቼና በሚኖሩበት ከተማ በትንሽ ሬዲዮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሞከር ለሚያስቡ ነው። እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙት። አዲስ ስህተት ሥሩ።

መኪናዋን የምንነዳት ለሁለት ነበር። ቀን አንድ ጋሼ ይነዳታል፣ ማታ እኔ። ጋሼ ቁልፉን ሲያስረክበኝ ሁለት ነገር ያሳስበኛል፦ ነዳጅ ሞልቼ እንድመልስና ሬዲዮኑን እንዳልነካ። ሬዲዮኑ ሁሌም 89.3 ላይ ነው። ጣቢያው ደብሊው ፒ ኤፍ ደብሊው ይባላል፤ ሥራ የጀመረው በ1977 ነው። ማስታወቂያ የለውም። የሚኖረው አድማጭ በሚያዋጣው ገንዘብ ሲሆን፣ ብዙዎቹ አዘጋጆች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጃዝና ብሉዝ ያጫውታል፣ በመሐል ደግሞ ስለ ፖለቲካና ስለ ፍትሕ ይሟገታል።

እኔ ታዲያ ጋሼ ከዓይኔ ሲሰወር እቀይረዋለሁ። ጧት ስመልስ ወደ ቦታው አዞረዋለሁ። አንድ ቀን ረሳሁትና ተያዝኩ።

"አንተ ልጅ" አለኝ፣ "አትንካው ስልህ ላንተው ብዬ ነው። ይሄን የሚሰማ ተሳፋሪ ጉርሻው ጥሩ ነው።"

ለጥበብ ፍቅር ብዬ ጀመርኩ ብል ውሸት ነው። ለጉርሻ ብዬ ነው።

አንድ የጥቅምት ማታ ከዩኒየን ስቴሽን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ጫንኩ። ባርኔጣ አድርገዋል፤ ትንሽ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። የሚሄዱት ፔትዎርዝ ነው። እንደ ልማዴ ለአክብሮት ድምፁን ቀነስኩት።

"ምነው? ተወው እንጂ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ "ትወደዋለህ?"

"እውነቱን ልንገርዎት፣ አይገባኝም።"

ሳቁ። "እንግዲያው እስከ ቤቴ ድረስ ቤዙን ብቻ ስማ። ሌላውን ሁሉ ተወው። የጠፋብህ ጊዜ ንገረኝ።"

ኖርዝ ካፒቶልን ይዘን ወደ ላይ ስንወጣ ቤዙን (ያን ወፍራም ድምፅ ያለውን ባለ ገመድ መሣሪያ) መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ማቀዝቀዣ ሲያንጎራጉር የሚሰማ ዓይነት ነገር ብቻ። አንድ ቀይ መብራት ላይ ስንቆምና ሞተሩ ጸጥ ሲል ግን አገኘሁት። የሰው እርምጃ ነው የሚመስለው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። አይቸኩልም፣ አይቆምም። አንዴ ከያዝኩት በኋላ ከላይ ያለው ሳክስፎን እንደ ድሮው ዝም ብሎ የሚጮህ አልመሰለኝም። መንገዱን በሚያውቅ ሰው ትከሻ ላይ እንደተቀመጠ ሕፃን ወዲያ ወዲህ እያለ ይጫወታል እንጂ አይወድቅም።

ቤታቸው ስንደርስ ሙዚቃው አላለቀም። አልወረዱም። እኔም አላስቸኮልኳቸውም። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን ጨረስነው። ከዚያ አዘጋጁ ገባና ስም መጥራት ጀመረ። ሳክስፎን ላይ እገሌ፣ ፒያኖ ላይ እገሌ፣ ቤዝ ላይ እገሌ፣ ድራም ላይ እገሌ፣ የተቀዳበት ዓመት፣ የተቀዳበት ከተማ። ሰውዬው በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የዘመዶቻቸው ስም የሚጠራ ነበር የሚመስለው። ሒሳቡን ከፍለው፣ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሄዱ። ጉርሻውም ጋሼ እንዳለው ነበር።

ያ ስም አጠራር ቀልቤን ሰረቀው። እኛ አገር ዘፈን የዘፋኙ ነው። ማህሙድ አሕመድ በ1975 ያስቀዳውን "ኧረ መላ መላ" ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አብሮት የሚጫወተው አይቤክስ ባንድ መሆኑን፣ ቤዙን የሚመታው ጆቫኒ ሪኮ መሆኑን ያወቅኩት እዚህ በስደት፣ ከሲዲ ሽፋን ላይ አንብቤ ነው። "ሙዚቃዊ ስልት"ንም እንዲሁ። ስንቱ የሬዲዮና የሠርግ ቪዲዮ ማጀቢያ ሆኖ ያገለገለ ሙዚቃ ነው። ደራሲው ግርማ በየነ እንደሆነ፣ የተጫወተው ዋልያስ ባንድ እንደሆነ፣ ኦርጋኑ የኃይሉ መርጊያ እንደሆነ ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ኃይሉ መርጊያን ካነሳሁ አይቀር። ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሲመጣ እሱ እዚሁ ቀረ። ከጊዜ በኋላ ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ተራ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመዳል። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ዞሮ ያየው። እኔ የከተማ ታክሲ ስለሆንኩ ደለስ ላይ ተራ አልይዝም። ተሳፋሪ ላደርስ በሄድኩ ቁጥር ግን በአጠገቡ አልፌ ይሆናል። ስሙን ግን አላውቅም ነበር።

እንዴት እንደምትሰሙ እነሆ የእኔ ዘዴ። የአዛውንቱ ምክር መጀመሪያ ነው፦ አንድ መሣሪያ ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል። ሁለተኛው አዝማቹን መያዝ ነው። አብዛኛው የጃዝ ሙዚቃ ሲጀምር አንድ ዜማ ያሰማችኋል፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ በየተራ በዚያው መሠረት ላይ የየራሳቸውን ይፈጥራሉ፤ በመጨረሻ ዜማው ይመለሳል። በመሐል "ዝም ብለው የሚዘባርቁ" የሚመስለን ያው መሠረት ከሥር እየተሽከረከረ መሆኑን ስለማናውቅ ነው።

ለመለማመጃ ሁሌም የምሰጠው ማይልስ ዴቪስ በ1959 የቀዳውን "ሶ ዋት" ነው። ከመግቢያዋ በኋላ ቤዙ ይጠይቃል፣ መጀመሪያ ፒያኖው፣ ቀጥሎ የትንፋሽ መሣሪያዎቹም ባጭሩ በሁለት ድምፅ ይመልሳሉ። ቅዳሴ ላይ ካህኑና ሕዝቡ ሲቀባበሉ የሰማ ሰው ይሄ አይከብደውም። አንዱ ዙር 32 ቤት ነው፤ አንዱ ቤት አራት ምት። አራት አራት እየመታችሁ ቁጠሩ፤ 16 ቤት ስትጨርሱ ሁሉም ነገር በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ይላል። 8 ቤት እዚያ ቆይቶ ይመለሳል፣ 8 ቤት ይቀጥላል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ያን መውጣትና መውረድ በጆሮው የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ ማን ሶሎ (የብቻ ተራውን) ቢጫወት መንገድ አይጠፋበትም። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ መሪውን በጣቴ እየመታሁ።

የተጫወቱትን ስም ልጥራላችሁ። ትራምፔት ማይልስ ዴቪስ፣ ቴነር ሳክስፎን ጆን ኮልትሬን፣ አልቶ ካነንቦል አደርሊ፣ ፒያኖ ቢል ኢቫንስ፣ ቤዝ ፖል ቻምበርስ፣ ድራም ጂሚ ኮብ። ይህ ጂሚ ኮብ እዚሁ ዋሽንግተን ነው የተወለደው። ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አንዳንድ ሰው ለጀማሪ ለስለስ ያለውን፣ የሊፍት ሙዚቃ የሚመስለውን ስጡት ይላል። እኔ አልስማማም። እሱ ጆሮን ያስተኛል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውንና ዜማው የማይጨበጠውን ደግሞ ለሌላ ዓመት አቆዩት። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ መጀመሪያ የተቀዱት፣ አምስት ስድስት ሰው የሚጫወትባቸው ይበቃሉ።

ሬዲዮ ብቻውን ግን ግማሽ መንገድ ነው። ዩ ስትሪትን እኔ የማውቃት የሐበሻ ሰፈር አድርጌ ነበር። ዘጠነኛው መንገድ ላይ እንጀራ፣ ጥግ ላይ ሱቅ፣ ማታ ማታ የታክሲ ሰልፍ። ከሬዲዮኑ ነው የሰማሁት፦ ታላቁ የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በ1899 እዚህ ከተማ ተወልዶ ከዚያው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው ያደገው። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቴአትር ከዩ ስትሪት ጥቂት እርምጃ ነው። ያ ሁሉ አካባቢ፣ በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር ስም፣ "ጥቁሩ ብሮድዌይ" ይባል ነበር። ኤሊንግተን ደግሞ በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቷል፤ ከጃንሆይም ኒሻን ተሸልሟል። በዓመቱ ሞተ። እኔ እሱ ባደገበት ሰፈር መኪና አቁሜ ሽሮ እበላለሁ፣ እሱ እኛ አገር ሄዶ ተጫውቶ ተመልሷል፣ ተላልፈናል።

ይባስ ብሎ፣ ከዚያው መንገድ ላይ ትዊንስ ጃዝ የሚባል ክለብ ነበር። ባለቤቶቹ መንታ እህትማማቾች ናቸው፣ ሐበሾች። በ1987 በሌላ ሰፈር ጀምረው በ2000 ዩ ስትሪት ገቡ፤ በ2020 በኮቪድ ጊዜ ተዘጋ። ከፎቅ ላይ ነው፣ በደረጃ ይወጣል። ሁለት እህቶቻችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጃዝ ቤት ሲያስተዳድሩ እኔ ከሥር መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ "ይሄ የነሱ ሙዚቃ ነው" እል ነበር። አንድ ማክሰኞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወጣሁ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው ከሙዚቀኞቹ እግር ሥር ይደርሳል። ከአጠገቤ አንድ ፈረንጅ ክትፎ ይበላል። ቤዙን የሚጫወተው ልጅ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በነጭ ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ገመዱ ቆዳውን እየላጠው ነው። በሬዲዮ "ዱም ዱም" ብዬ የምሰማው ነገር የሰው ቆዳ እንደሚያስከፍል ያን ቀን አየሁ።

ክለብ ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። ብዙ ቦታ የመግቢያ ዋጋ አለ፤ ከዚያ ሌላ "ቢያንስ ይህን ያህል ታዝዛላችሁ" የሚባል ሒሳብ አለ። ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፣ በኋላ ፊት አታጥቁሩ። አንዱ ሶሎውን ሲጨርስ፣ ሙዚቃው ሳያልቅ ይጨበጨባል። ዘገም ያለ ሙዚቃ ሲሆን ወሬ ነውር ነው፤ በተለይ ቤዙ ብቻውን ሲቀር። የኛ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚያወራው፣ "አለቀ" ብሎ። ስልክ ላይ በአማርኛ "እየሰማሁ ነው፣ እዚህ ጃዝ ቤት ነኝ" እያለ የሚጮህ ሰው አጋጥሞኛል። ልነግራችሁ ያፈርኩት ነገር ቢኖር ጓደኛዬ መሆኑን ነው።

ኪስ ለሚቆጠቁጠው ደግሞ ዲሲ ደግ ከተማ ናት። በደቡብ ምዕራብ ክፍል ዌስትሚኒስተር የሚባል የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ከ1999 ጀምሮ በየዓርቡ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት (በፈረንጆቹ ከ6 እስከ 9) ጃዝ ያሰማል። መግቢያው ለረጅም ጊዜ 5 ዶላር ነበር። የተጠበሰ ዓሣም ይሸጣል። ዓርብ መሆኑ ነው እንግዲህ፤ ዓሣ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተው ትቼዋለሁ፣ እኔ በልቻለሁ። ታዳሚው ባብዛኛው ሸምገል ያለ ነው። ጭብጨባቸውን ተከተሉ፤ መቼ እንደሚጨበጨብ አይሳሳቱም። መድረክ ላይ ያለውንም በስሙ ይጠሩታል፣ "በላ ልጄ!" በሚል ዓይነት። ከመሄዳችሁ በፊት ቦታውንና ዋጋውን አጣሩ። በበጋ ዓርብ ዓርብ በናሽናል ጋለሪ የቅርጻ ቅርጽ አትክልት ቦታም ያለ ክፍያ ይሰማል፤ እሱ ግን ከሙዚቃው ይልቅ ሽርሽሩ ያይላል።

እነዚህን ሁሉ የት ሰማሁ? ከሬዲዮ። የጃዝ ሬዲዮ ለአንድ ከተማ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል። ሙዚቃውን ዛሬ ከስልክ ማንም ያገኘዋል። "ዛሬ ማታ እገሌ እዚህ ቦታ ይጫወታል፣ ልጁ የእገሌ ተማሪ ነው" ብሎ የሚነግራችሁ ግን የዚያው ከተማ ሰው ነው። ባክ ሂል የሚባለውን ሳክስፎኒስት የሰማሁት እንዲህ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ዋሽንግተን ፖስታ አመላላሽ ነበር። ቀን ደብዳቤ ያድላል፣ ማታ ከትልልቆቹ ጋር ይጫወታል። በ2017 ሞተ፤ ዛሬ ዩ ስትሪት አካባቢ አንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ከፖስታ ቤት ልብሱ ጋር ተስሎ ቆሟል። ታክሲ ነጂና ፖስታ አመላላሽ። ከተማዋ እንዲህ ናት።

ጋሼ በዚህ ነገር ቁስል አለበት። ድሮ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ጃዝ 90 የሚባል ሌላ ጣቢያ ነበረው። በ1997 ገንዘብ ሲቸግር የአሜሪካን ምክር ቤት ስብሰባ ለሚያስተላልፈው ለሲ-ስፓን ተሸጠ። "አንድ ቀን ከፈትኩት፣ የምክር ቤት ስብሰባ" ይለኛል፣ ትናንት የሆነ ይመስል። 89.3 መዋጮ በጠየቀ ቁጥር ጋሼ ይሰጣል። እኔንም ያሰጠኛል።

ወደ ራሴ ፕሮግራም ልምጣ። በአንድ የኤ ኤም ጣቢያ ላይ የአየር ሰዓት ተከራይተው የአማርኛ ፕሮግራም የሚያስተላልፉ ሰዎች አሉ። አስተባባሪዋ ከእኔ ጋር በተገናኘን ቁጥር ጃዝ ጃዝ ስላት ሰለቻት መሰለኝ፣ "በቃ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ውሰድና እዚያ አውራው" አለችኝ። 2014 ነው።

ሁለት ሳምንት ተዘጋጀሁ። ስለ ጃዝ አመጣጥ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ቀን ከኒው ኦርሊንስ ተነስቼ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። ከዚያ ከ60ዎቹ መጀመሪያ ያማረ የሳክስፎን ሙዚቃ ለቀቅኩ። እሱ ሲያልቅ ሌላ ሳክስፎን። በሠላሳኛው ደቂቃ ስልክ ተደወለ። የእናት ድምፅ ነው።

"ወንድሜ፣ ፕሮግራምህ ደስ ይላል። ግን ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?"

ቴክኒሻኑ ሳቀ። እኔም ማይኩ ክፍት ሆኖ ፈገግ አልኩ። "እማማ" አልኩ እንደ አስተማሪ ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ "ጃዝ ብዙ ጊዜ ዘፋኝ የለውም። እዚህ ላይ ሳክስፎኑ ነው የሚዘፍነው።"

"እሺ እንግዲህ" ብለው ዘጉ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ፕሮግራሙን ከወጥ ቤት ሬዲዮ በስልኳ ቀድታው ጠበቀችኝ። ከፈትኩት። ድምፄ አለ። ቤዝ አለ፣ ድራም አለ፣ ፒያኖ አለ። ሳክስፎኑ የለም። ጆሮዬን ስደቅን ከሩቅ ጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ነገር ስስ ድምፅ ይሰማል፤ እሱ ነው። የዘፋኙ ቦታ ባዶ ነው። እማማ ትክክል ነበሩ፤ በዚያ ሁሉ አድማጭ መሐል ጉድለቱን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ አስተማርኳቸው!

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን ስቴሪዮ አዲስ ነበር። ቀጂዎቹ ብዙ ጊዜ ሳክስፎኑን ሙሉ በሙሉ በግራ፣ ድራሙን በቀኝ ያደርጉት ነበር። ኤ ኤም ደግሞ አንድ መስመር ነው። ሁለቱ ተደባልቀው መላክ ሲገባቸው አንዱ ገመድ አልተሰካም፤ የሄደው ቀኙ ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ እኔ በጆሮ ማዳመጫ ሁለቱንም እሰማለሁ። ለዘመናዊ ዘፈን ችግሩ አይታወቅም፣ ድምፃዊው መሐል ስለሚሆን በሁለቱም በኩል አለ። ለዚህ ነው ከእኔ በፊት ማንም ያላስተዋለው። ጃዝ ሲመጣ ጉዱ ወጣ። እናንተም የድሮ ቅጂ የምታጫውቱ ከሆነ ስቱዲዮ ውስጥ የምትሰሙትን አትመኑ። ከአየር የሚመጣውን በተራ ሬዲዮ አስቀዱና ስሙ። ሙዚቃውንም አስቀድማችሁ ወደ አንድ መስመር ቀላቅላችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በአየር ላይ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ደወሉ። "እኔማ ጆሮዬ የደከመ መስሎኝ ሐኪም ቤት ልሄድ ነበር" አሉ።

ያን ቀን ጌታቸው መኩሪያን አጫወትኩ። ጌታቸው ሽለላውንና ፉከራውን በሳክስፎን ያወጣ ሰው ነው። የጃዝ ትምህርት ማንም ሳይሰጠው፣ አፍ አውጥቶ "ዘራፍ" የሚል ሳክስፎን። ለሐበሻ አድማጭ ሳክስፎን ይዘፍናል ብላችሁ አታስረዱ። ጌታቸውን ክፈቱና ዝም በሉ። ከእሱ ቀጥሎ አሜሪካዊ ቴነር ሳክስፎን ለቀቅኩ። ማንም ስለ ዘፋኝ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ይሄው ነው፤ ከሚያውቁት ተነስቼ ወደማያውቁት። ሙላቱ አስታጥቄ ትልቁ ድልድይ ነው። ጅማ ተወለደ፣ ዌልስና ለንደን ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች አሳተመ። ባለ አምስት ድምፁን የኛን ቅኝት ይዞ ከጃዝ ስምምነት ጋር አጋባው። የእሱን ትዝታ ቅኝት ካጫወትኩ በኋላ ሺርሊ ሆርንን፣ የዚህችው የዋሽንግተን ልጅ፣ ያን በጣም የዘገመ አዘፋፈኗን ሳስከትል ሰው ቋንቋው ሳይገባው ይተክዛል። ትዝታን የሚያውቅ ሰው መዘግየት አያስፈራውም።

አንድ ሰዓት የሚባለው አንድ ሰዓት አይደለም። የጣቢያው መለያ፣ የጉዞ ወኪሉና የእንጀራ መጋገሪያው ማስታወቂያ ሲቀነስ 52 ደቂቃ ይቀራል። አንዱን ሙዚቃ በአማካይ በስድስት ደቂቃ ብናስበው ሰባት ሙዚቃና አሥር ደቂቃ ወሬ ነው። "ሶ ዋት" ብቻዋን ዘጠኝ ደቂቃ ትበላለች። ሁለት ረጃጅም አላስከትልም። በሦስተኛው ላይ ድምፃዊ አስገባለሁ፤ እማማን አስቤ። አንዴ ስናገር ከደቂቃ ተኩል አላልፍም፤ ሰዓት ከፊቴ አስቀምጣለሁ። ስድስት ገጹን ጽሑፍ ልጄ ጀርባው ላይ ሥዕል ስላበት ጨርሳዋለች።

የማልቀንሰው ስም መጥራቱን ነው። ከመጀመሩ በፊት ዋናውን፣ ሲያልቅ ሁሉንም። ስሞቹን በአማርኛ ፊደል፣ እንደሚነበቡ አድርጌ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ጽፌ አየር ላይ ስንቴ ተንተባትቤያለሁ። የሐበሻ ሙዚቃ ስለቅም እንዲሁ፣ ድራም መቺው ሳይቀር ማን እንደሆነ እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ሳላገኝ እቀራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አድማጭ ደውሎ "ያ እኮ አጎቴ ነው" ይላል።

ስለ ፈቃድም አንድ ነገር። በአየር ለሚሄደው ጣቢያው ራሱ ለደራሲዎች መብት አስከባሪዎች ይከፍላል። ፕሮግራማችሁን ኢንተርኔት ላይ ከጫናችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የራሱ ፈቃድ አለው። ጣቢያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ጭኜ ወዲያው ተነሳብኝ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ዌስ ሞንትጎመሪ የሚባለው ጊታሪስት በ1965 ሃፍ ኖት በሚባል የኒው ዮርክ ክለብ የተቀዳውን ለቀቅኩ። ሲያልቅ የማስታወቂያ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ስም ሳልጠራ አለፍኩ። ስልኩ ጮኸ።

"ዛሬ ስም አልጠራህም" አሉ እማማ።

"ይቅርታ እማማ፣ ሰዓት አጥሮኝ ነው።"

"ድራሙን የሚመታው ያ የእኛ ከተማ ልጅ አይደለም?"

ሽፋኑን ገለበጥኩ። ፒያኖ ዊንተን ኬሊ፣ ቤዝ ፖል ቻምበርስ፣ ድራም ጂሚ ኮብ።

"ነው እማማ። እሱው ነው።"

"እሱንስ አወቅኩት" አሉ። "ይልቅ ያ የዓርቡ ዓሣ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?"